ፀረ-ባክቴሪያ ሽፋን ያላቸው የቲታኒየም አጥንት ብረቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጥንት ሲሰበር፣ ዳሌ ወይም ጉልበት ሲቀየር «ብረት ገባለት» እንላለን። ብረቱ አሁን አሁን ብዙ ጊዜ ቲታኒየም ነው። ኦፕራሲዮኑ አምሮ፣ ራጁም አምሮ፣ ከሳምንታት በኋላ ቁስሉ መግል የሚይዝበት አጋጣሚ ግን አለ። ይህ እንዳይሆን ቲታኒየሙን የሚቀቡት፣ የሚሸፍኑት፣ ገጹን የሚያሻክሩት ተመራማሪዎች የት ደረሱ? ታካሚዎች፣ አስታማሚዎችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም ብረት ቲታኒየም ለምን ተመረጠ?

ጠንካራ ነው፤ ቀላል ነው። ክብደቱ የማይዝገውን ብረት ግማሽ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ዋናው ምክንያት ግን ላዩ ላይ ነው። ቲታኒየም አየር እንደነካው ወዲያው የጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ያበጃል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ልባሱ ቢጫር እንኳ በራሱ ይመለሳል። አጥንት የሚገናኘው ከዚህ ኦክሳይድ ጋር ነው፤ ከሥር ያለውን ብረት አያየውም ማለት ይቻላል።

አጥንትና ቲታኒየም እንደሚስማሙ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። ስዊድናዊው ፐር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደም ዝውውርን ለመመልከት የቲታኒየም መሣሪያ በጥንቸል አጥንት ውስጥ ተከለ። ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያውን ሊያወጣው ቢሞክር እምቢ አለው። አጥንቱ ይዞታል። በ1965 በዚሁ ግኝት ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው የጥርስ ተከላ በሰው ላይ ተሠራ። ዛሬ ለአጥንት በብዛት የሚያገለግለው ቲታኒየም 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀላቀለበት ነው።

ሰውነት ከተስማማው ታዲያ ለምን ያመረቅዛል?

አጥንት የሚመቸው ገጽ ለባክቴሪያም ስለሚመች ነው። አጥንት እንዲይዘው ተብሎ ሻካራ የተደረገ ቲታኒየም ለባክቴሪያም ጥሩ መደበቂያ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና በ1987 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ጉዳዩን እንደ ሽቅድምድም አቀረበው። ብረቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ገጹ ባዶ ነው። የአጥንት ሴሎችና ባክቴሪያዎች እኩል ይሮጡበታል። እንደ ታክሲ ወንበር ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠውን ማስነሳት ከባድ ነው። አጥንቱ ከቀደመ ብረቱን ይሸፍነዋል፣ ባክቴሪያውም ቦታ ያጣል። ባክቴሪያው ከቀደመ ጣጣው ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ሽቅድምድሙ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። በ1982 ቨርነር ዚመርሊና ባልደረቦቹ በጊኒ ፒግ ቆዳ ሥር ባዕድ ነገር ተክለው ሞከሩ። 100 ያህል የስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ባክቴሪያዎች ብቻ ከተከላዎቹ 95 በመቶውን ለመበከል በቁ። ባዕድ ነገር በሌለበት ሥጋ ላይ ያን ያህል ቁጥር ሰውነት በቀላሉ ያጸዳዋል። ባዕዱ ነገር ዙሪያ የሚደርሱት ነጭ የደም ሴሎች ግን ቶሎ ይዝላሉ፤ የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል። ብረቱ ራሱ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ በደም የሚሄደው መድኃኒትም በደንብ አይደርስበትም።

ይህ ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል?

እንደ ጉዳቱ ይለያያል። በታቀደ ኦፕራሲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳሌ ወይም ጉልበት ከሚቀየርላቸው ውስጥ ኢንፌክሽን የሚገጥማቸው ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለት ናቸው። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ የወጣበት፣ አፈር የገባበት ከባድ ስብራት ከሆነ ግን ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። በካንሰር ምክንያት ረጅም የአጥንት ክፍል ተቆርጦ ትልቅ ብረት የሚተካላቸውም ከፍተኛ ስጋት አለባቸው። የስኳር ሕመም፣ ሲጋራ፣ ከዚህ በፊት በዚያው ቦታ የተደረገ ኦፕራሲዮን፣ ሁሉም ስጋቱን ይጨምራሉ።

ባዮፊልም ሲባል የምንሰማው ምንድን ነው?

ባክቴሪያዎች ገጹ ላይ ተጣብቀው፣ ተራብተው፣ ዙሪያቸውን በሙጫ መሳይ ነገር ሲያጥሩ የሚፈጠረው ነው። ጠዋት ጥርስዎ ላይ በምላስዎ የሚያገኙት የሚያሟልጭ ነገርም ባዮፊልም ነው። በአጥንት ብረት ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ሌላው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነው፤ እሱ በሁላችንም ቆዳ ላይ በሰላም የሚኖር ነው። ቆዳችን ላይ ምንም አያደርገንም፣ ብረት ሲያገኝ ግን ጸባዩ ይለወጣል።

በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ብቻውን ከሚዋኘው ይልቅ አንቲባዮቲክን እስከ አንድ ሺህ እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ሙጫው መድኃኒቱን ያዘገያል። ከሥር ያሉት ደግሞ ተኝተዋል ማለት ነው፤ ብዙ አንቲባዮቲክ የሚገድለው እያደገና እየተራባ ያለውን ነው።

ሌላም አለ። የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጥ አጥንት ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ከራሱ ውፍረት የጠበቡ የአጥንት ቦዮች ውስጥ ቅርጹን ለውጦ ሲገባ አገኙት። እዚያ ከገባ ነጭ የደም ሴል አይከተለውም። «ጨርሼ ድኜ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ተመለሰብኝ» የሚለው ታሪክ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሽፋኑ ታዲያ ምን ያደርጋል?

አንዳንዱ ባክቴሪያው እንዳይጣበቅ ገጹን ያሟልጫል። አንዳንዱ የነካውን ይገድላል። አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት፣ ብር ወይም አዮዲን ቀስ እያለ ዙሪያውን ይረጫል። በተግባር ብዙዎቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያጣምራሉ።

ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር ይስታል። ሽፋኑ ዕድሜ ልክ እንዲሠራ አይፈለግም። ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ቁስሉ ክፍት የነበረበት፣ ደም የተጠራቀመበት፣ አጥንቱ ገና ያልያዘበት ጊዜ። በዚያ ጊዜ ባክቴሪያውን አግዶ፣ ከዚያ ለአጥንቱ ቦታ መልቀቅ አለበት። ባክቴሪያን ለዘላለም የሚገድል ገጽ የአጥንት ሴልንም አያስጠጋም ይሆናል። አጥንት ያልያዘው የዳሌ ብረት ደግሞ ኢንፌክሽን ባይኖርም ይላላል። በእኔ እምነት አንድን ሽፋን ለመመዘን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ባክቴሪያ ገደለ?» አይደለም። «መቼ ያቆማል? ካቆመ በኋላስ ምን ይቀራል?» የሚለው ይቀድማል።

በሰው ላይ ሥራ ላይ የዋሉ አሉ ወይስ ሁሉም ላብራቶሪ ውስጥ ነው?

አሉ። ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ።

ጄንታማይሲን በተባለ አንቲባዮቲክ የተሸፈነው የቅልጥም ዘንግ አንዱ ነው። በተሰበረ ቅልጥም መቅኔ ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ዘንግ ሲሆን በሲንቴስ ኩባንያ «ፕሮቴክት» በሚል ስም ከ2005 ወዲህ በአውሮፓ ወጥቷል። ላዩ ላይ ያለው ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለ በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ፕላስቲክ ነው፤ ጄንታማይሲን ተቀላቅሎበታል። አብዛኛው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይወጣል። አጭር ጊዜ ነው፤ የታሰበውም እንደዚያ ነው። የሚታዘዘው በተለይ ለክፍት ስብራትና ለድጋሚ ኦፕራሲዮን ነው።

ብር ሰፊ ታሪክ አለው። በጀርመን ሙንስተር ከተማ የአጥንት ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በ2010 ወጣ። ብር የተቀባ ትልቅ ብረት ከገባላቸው 51 ሰዎች 3ቱ ኢንፌክሽን ገጠማቸው፤ 5.9 በመቶ ነው። ብር የሌለው ከገባላቸው 74 ውስጥ ግን 13ቱ፣ ማለትም 17.6 በመቶ። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ደግሞ ብሩ ከላይ ከመቀባት ይልቅ በኤሌክትሪክ ሂደት ኦክሳይዱ ውስጥ የተቀበረበት ዓይነት ተሞከረ። በ2015 በወጣው ውጤት ብር ካላቸው 85 ታካሚዎች 11.8 በመቶው፣ ብር ከሌላቸው 85 ደግሞ 22.4 በመቶው ኢንፌክሽን አገኛቸው። ቁጥሮቹ ደስ ይላሉ። ነገር ግን ታካሚዎቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። ስለዚህ «ብር በግማሽ ይቀንሳል» ብሎ ደረት መንፋት አይቻልም።

አዮዲን የጃፓኖች መንገድ ነው። በካናዛዋ ዩኒቨርሲቲ ሂሮዩኪ ጹቺያና ባልደረቦቹ ቲታኒየሙን በፖቪዶን አዮዲን ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ አክመው፣ አዮዲኑ በኦክሳይዱ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዲቀመጥ አደረጉ። ፖቪዶን አዮዲን ቤት ውስጥ ቁስል የምናጸዳበት ቤታዲን ነው። በ2012 የ222 ታካሚዎችን ውጤት አቀረቡ። አዮዲን ሲባል ቶሎ የሚታሰበው እንቅርት ነውና የታይሮይድ ዕጢያቸውንም ተከታትለዋል፤ ችግር አላገኙበትም።

በጣሊያን የተሠራው ጄል ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነው። ከሃያሉሮኒክ አሲድና ከፖሊላክቲክ አሲድ የተሠራ ነው። በዱቄት መልክ ይመጣል። ሐኪሙ እዚያው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ከመረጠው አንቲባዮቲክ ጋር ለውሶ ብረቱን ይቀባዋል። በ3 ቀን ገደማ ሟሙቶ ያልቃል። እዚህ ላይ ጥናቱ ጠንከር ይላል፤ ታካሚዎቹ በዕጣ ተመድበዋል። መገጣጠሚያ በተቀየረላቸው 380 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2016 ሲታተም፣ ጄል በተቀባላቸው ላይ አንድ ኢንፌክሽን፣ ባልተቀባላቸው ላይ 11 ተመዘገበ።

አሜሪካ ዘግይታለች። የመድኃኒትና ምግብ ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2024 ኦንኮስ ሰርጂካል ለተባለ ኩባንያ ፀረ-ባክቴሪያ ሽፋን ላለው የካንሰር ታካሚዎች ብረት ፈቃድ ሰጥቷል። ፈቃዱ የሚመለከተው ብረቱ ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ የሚያርፈውን ባክቴሪያ መቀነስን ነው። ኢንፌክሽን ያክማል ማለት አይደለም። ማስታወቂያ ሲያነቡ ይህን ልብ ይበሉ።

ብር ሰውነት ውስጥ ሲቆይ አይመርዝም?

መጠኑ ይወስናል። ብር የሚገድለው በአየኖቹ፣ ማለትም ከላዩ በሚለቀቁ የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አተሞቹ ነው። የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ይይዛሉ፣ ግድግዳውን ያበላሻሉ። መጠኑ ሲበዛ የሰውንም ሴል አይምሩም። ስለዚህ የሙንስተሩ ዓይነት ብረት ላይ ብሩ የሚቀባው ሥጋና ጡንቻ የሚነካውን ክፍል ነው። አጥንቱ ውስጥ የሚሰካው ዘንግ ብር አይቀባም፤ አጥንቱ እንዲይዘው ይፈለጋል።

አንዳንድ ታካሚዎች ላይ ብረቱ ባለበት አካባቢ ቆዳው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ቀለም ይይዛል። መልክ ያበላሻል፣ ሌላ ጉዳት ግን ብዙም አልታየበትም። የአንገት ሐብል ብር እና ይህ አንድ ናቸው ወይ ብለው ለሚጠይቁ፦ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። የብር ጌጥ ማድረግ ግን ለገባ ብረት ምንም አይረዳም።

ሐኪሙ ያሳየኝ ብሎኖች ሰማያዊና ወርቃማ ነበሩ። ያ ነው ፀረ-ባክቴሪያው ቀለም?

አይደለም። ቀለም እንኳ አልተቀቡም። ቲታኒየም በኤሌክትሪክ ፈሳሽ ውስጥ ሲነከር የኦክሳይድ ልባሱ ይወፍራል። እንደ ውፍረቱ ብርሃን የሚመልስበት ቀለም ይለያያል፤ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ቀለሙ የሚያገለግለው ነርሷ የብሎኑን መጠን በዓይኗ ቶሎ እንድትለይ ነው።

ያለ መድኃኒት፣ በቅርጽ ብቻ ባክቴሪያ መግደል ይቻላል የሚባለውስ?

ይህ ከሁሉም የሚማርክ ታሪክ ነው። በ2012 በአውስትራሊያ ስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የኤሌና ኢቫኖቫ ቡድን ሲካዳ የተባለችውን ጯሂ ነፍሳት ክንፍ መረመረ። ክንፉ በናኖሜትር በሚለኩ ጥቃቅን ሹል ዓምዶች የተሞላ ነው። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ሲያርፍበት ልባሱ በዓምዶቹ መካከል እየተለጠጠ ይቀደዳል። ተመራማሪዎቹ ክንፉን በስስ ወርቅ ለብጠው ደግመው ሞከሩት። አሁንም ገደለ። ስለዚህ የገደለው ኬሚካል ሳይሆን ቅርጹ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቲታኒየም ላይ ተመሳሳይ ሹሎች ማብቀል የብዙ ላብራቶሪዎች ሥራ ሆነ። ቲታኒየሙን በጋለ አልካሊ ፈሳሽ ማብሰል አንዱ ዘዴ ነው። መድኃኒት ስለሌለው ባክቴሪያው ይላመደዋል የሚለው ስጋት ያንሳል፤ የሚያልቅ ነገርም የለውም። ችግሩ ስታፊሎኮከስ ነው። ግድግዳው ከሱዶሞናስ ይልቅ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ አይቀደድም። በአጥንት ብረት ላይ ዋናው ጠላታችን ደግሞ እሱ ነው። ሁለተኛ ችግር፣ የሞቱት ባክቴሪያዎች ሬሳ ሹሎቹ ላይ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው በሬሳው ላይ ይቀመጣል።

ናኖ ቱቦዎችም አሉ። ቲታኒየም ፍሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲታከም ገጹ ላይ በአስር ናኖሜትሮች የሚለካ ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ተሰልፈው ይበቅላሉ። ውስጣቸው አንቲባዮቲክ፣ ብር ወይም ዚንክ ሊሞላ ይችላል። ዘዴው ርካሽና ቀላል ስለሆነ በየዩኒቨርሲቲው ይሠራል። የማስተርስ ጥናት ለሚፈልግ ተማሪ የሚመች ርዕስ ነው፤ ብቻ ቱቦዎቹ ሲፈተጉ በቀላሉ የሚላጡ መሆናቸውን አስቀድሞ ይወቅ።

የምርምር ጽሑፎቹ «99.9 በመቶ ገደለ» ይላሉ። ልመን?

ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ 99.9 በመቶው ቢሞት አንድ ሺህ ይተርፋል። ከላይ ያየነው የጊኒ ፒግ ሙከራ ለኢንፌክሽን 100 ይበቃል ይላል።

ሙከራው የተደረገበት ሁኔታም አለ። ብዙው የሚሠራው በንጹህ ፈሳሽ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ለ24 ሰዓት ነው። ሰውነት ውስጥ ብረቱ ከገባ በሰከንዶች ውስጥ በደም ፕሮቲኖች ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የሚነካው እነዚያን ፕሮቲኖች ነው። በንጹህ ውሃ የሚገድል ገጽ ደም ሲነካው ሊደነዝዝ ይችላል። የምርምር ጽሑፉን ሲያነቡ ደም ወይም ሴረም (ሴሎቹ የተለዩለት የደም ፈሳሽ) ተጨምሮ ተሞክሯል ወይ ብለው ይፈልጉ። የአጥንት ሴሎችስ ከባክቴሪያው ጋር አብረው ተፈትነዋል? እንስሳ ላይስ ለስንት ሳምንት ተያዘ? እነዚህ ከሌሉ ገና መንገድ ላይ ነው።

ዘንጉ በመዶሻ ነው የሚገባው። ሽፋኑ አይላጥም?

ይላጣል፣ ካልተጠነቀቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ፈጠራ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የዳሌ ዘንግ በመዶሻ ይመታል፤ ብሎን በጠንካራ አጥንት ውስጥ እየተፋተገ ይዞራል። የተላጠው ቁራጭ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ እንደ አሸዋ ይፈጫል። በዚህ በኩል ኦክሳይዱ ውስጥ የተቀበረ ብር ወይም አዮዲን ከላይ ከተቀባው ይሻላል፤ ጄሉ ደግሞ የሚላጥ ጠንካራ ነገር የለውም።

ማምከንም አለ። ብረቱ ከመግባቱ በፊት በጨረር፣ በእንፋሎት ወይም በጋዝ ይመከናል። ብርና አዮዲን ብዙም አይቸገሩም። ፀረ-ባክቴሪያ ፔፕታይድ የተባሉት ጥቃቅን ፕሮቲኖች ግን እንፋሎቱን አይችሉትም። ላብራቶሪ ውስጥ ድንቅ የነበረ ሥራ ፋብሪካ በር ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።

ባክቴሪያው መድኃኒቱን አይለምደውም?

አንቲባዮቲክ በሚያወጡት ላይ ይህ ስጋት እውነት ነው። አደገኛው መጨረሻው ነው። መጀመሪያ ብዙ ይወጣል፤ ይገድላል። ከዚያ ለሳምንታት ጥቂት ጥቂት እያለ የሚንጠባጠብ ከሆነ ለመግደል የማይበቃ፣ ለማለማመድ ግን የሚበቃ መጠን ይሆናል። በ2 ወይም በ3 ቀን ጨርሶ የሚያልቅ ሽፋን የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው። ብርን የተላመዱ ባክቴሪያዎችም ታይተዋል፣ ከአንቲባዮቲክ ግን ያነሰ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህ ብረቶች አሉ?

በመንግሥት ሆስፒታሎች ለተሰበረ ጭንና ቅልጥም በስፋት የሚታወቀው የሳይን ዘንግ ነው። ሳይን መቀመጫውን አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ያደረገ፣ በዶክተር ሉዊስ ዚርክል የተመሠረተ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዘንጉ የተነደፈው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ሳይኖር እንዲገባ ነው። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በተለያዩ ሆስፒታሎቻችን ሠርቷል። እሱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ ቲታኒየምም አይደለም፣ ፀረ-ባክቴሪያ ሽፋንም የለውም። ብዙ ሰው በእሱ ቆሞ ሄዷል።

ሽፋን ያለው ዘንግ መግዛት ባይቻልም በእጅ የሚሠራ አማራጭ አለ። ይህ አማራጭ ከአጥንት ሲሚንቶ፣ ማለትም ብረትን ከአጥንት ጋር ለማያያዝ ከሚውለው የሚጠነክር ልውስ የሚጀምር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ቡክሆልዝ ሃምቡርግ ውስጥ በ1970 አካባቢ ጄንታማይሲንን ከአጥንት ሲሚንቶ ጋር ቀላቀለ። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች ያንኑ ሲሚንቶ በቀጭን ዘንግ ላይ ይለብጡታል። ቅርጽ ማውጫው የደረት ቱቦ ነው! ለስላሳው ሲሚንቶ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ዘንጉ መሐሉ ይሰካል፣ ሲደርቅ ቱቦው ተቀዶ ይጣላል። ሲሚንቶው ሲጠነክር ስለሚግል ሙቀት የሚችል መድኃኒት መሆን አለበት፤ ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን ይችላሉ። የዚህ ዓይነት ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚውለው ኢንፌክሽን ለማከም ነው፤ ኋላ ይወጣል።

ከሽፋኑ በፊት የሚቀድም ደግሞ አለ። ክፍት ስብራት ያለበት ሰው አንቲባዮቲክ በቶሎ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ቁስሉ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ የሞተው ሥጋ ይወገድ። አጥንት የታየበትን ቁስል ወጌሻ ጋር ወስዶ ማሰር እነዚያን ሰዓታት ያስበላል። ሆስፒታል ሲደርስ የትኛውም ውድ ብረት የጠፋውን ሰዓት አይመልስም።

ሐኪሜን «ሽፋን ያለው አስገባልኝ» ልበለው?

መጠየቅ ይችላሉ። ጤነኛ ሰው ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበት የሚቀየርልዎ ከሆነ ግን ልዩነቱ ላይታይ ይችላል፤ ስጋቱ ቀድሞም ትንሽ ነው። ትርፉ የሚታየው ክፍት ስብራት፣ የካንሰር ቀዶ ሕክምና ወይም ከኢንፌክሽን በኋላ የሚደረግ ድጋሚ ኦፕራሲዮን ላይ ነው። ስኳርን ማስተካከልና ከኦፕራሲዮኑ ሳምንታት አስቀድሞ ሲጋራ ማቆም ግን ለማንም ይጠቅማል።

ብረቱ ገብቶልኛል፣ አሁን ያብጣል። አንቲባዮቲክ ልግዛ?

እባክዎ አይግዙ። ቦታው ከጋለ፣ ከቀላ፣ ፈሳሽ ካለው፣ ጠፍቶ የነበረ ሕመም ከተመለሰ ቀዶ ሕክምናውን ወደሠራው ሐኪም ይሂዱ። በራስ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ላይ ላዩን ያሉትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ባዮፊልሙን ይተወዋል። ለጊዜው ያሻላል። ከዚያ ናሙና ሲወሰድ ካልቸሩ (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የሚለየው ምርመራ) ምንም አያበቅልም፣ ሐኪሙም የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥ ይቸገራል። ሐኪሞች ሰውየው በጠና ካልታመመ በቀር ከናሙናው በፊት ለ2 ሳምንት ያህል አንቲባዮቲክ እንዲቆም የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ሽፋን ያለው ብረት ቢሆንም ባዮፊልም አንዴ ከያዘ ሽፋኑ አያድነውም። ቶሎ ከተደረሰበት ታጥቦ ብረቱ ሊተርፍ ይችላል። ከቆየ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ይወጣል።

የገባልኝ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

ብዙ ጊዜ ብረቱ ከማሸጊያው ጋር ተለጣፊ ወረቀት አለው። የፋብሪካው ስም፣ ዓይነቱና የምርት ቁጥሩ ተጽፎበታል። ኦፕራሲዮን ሲሠራ ካርድዎ ላይ ይለጠፋል። አውሮፓ ውስጥ እንደ ዳሌና ጉልበት መተኪያ ያለ ብረት የተተከለለት ሰው የብረቱን ዝርዝር የያዘ ካርድ እንዲሰጠው ሕጉ ያዛል። አገር ቤት ከሆኑ የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ ቅጂ ይጠይቁና በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ወደፊት ኤምአርአይ ሲታዘዝ ወይም ብረቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው፤ ብሎኑ የሚፈታበት መፍቻ ሳይቀር እንደ ፋብሪካው ይለያያል።